«ስምንተኛ ለ»ን አልሰጥም

የክፍሏ በር ሲንኳኳ የሂሳብ መምህርቷ እጅ እስከ አንጓው በጠመኔ ነጥቷል። በሩ ላይ አንድ ረጅም ወጣት ላፕቶፕ አቅፎ ቆሟል። ሲያያት ሊል የመጣው ሁሉ ጠፋበት።

«እኔ... የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ተማሪዎችዎ በታብሌት የሚመልሱትን አይቶ ለአስተማሪው የሚስማማውን ማስተማሪያ የሚመርጠውን ፕሮግራም የሠራሁት...»

«አንተ ነህ?» ከመሳቢያዋ ወረቀት አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት። «ለስምንተኛ ክፍል የአራተኛ ክፍል መደመርና መቀነስ የመረጥክልኝ?»

ከድንጋጤው የተነሳ ሳቀ። የሳቀ ዕለት ነገሩ ተበላሸ። ከዚያ ወዲያ ኮሪደር ላይ ስታየው ፊት ትነሳዋለች፤ እሱ ደግሞ ልቡ ምክር አልሰማ ብሎት በየሰበቡ በክፍሏ በር ያልፋል። የዚያ ፎቅ ፕሪንተር በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ጥገና ተደረገለት።

በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ ጠሯት። ጠረጴዛቸው ላይ የፕሮግራሙ ሪፖርት ተዘርግቷል፦ የስምንተኛ ለ ተማሪዎች ከአሥር ጥያቄ ዘጠኙን ይሳሳታሉ።

«ዓርብ ስብሰባ አለ። ክፍሉን ለሌላ ሳንሰጥ አይቀርም» አሏት።

ከስድስተኛ ክፍል ጀምራ ያስተማረቻቸውን ልጆቿን! ስትወጣ ባለሙያውን ደጅ አገኘችው።

«እየሳቅህ አረድከኝ አይደል?»

«እኔ አልከሰስኩዎትም። ሪፖርቱን ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሚልከው።»

«ፕሮግራሙን ማን ወለደው?»

ላፕቶፑን አቅፎ ደረጃውን ወረደ። በማግስቱ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብሎ ሳይጠራ ክፍሏ ገባና የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልታስወጣው ፈልጋ ነበር፤ ኩራቷ አልፈቀደላትም። ይየው፣ አለች በልቧ።

«ልጆች፣ እንደለመድነው መጀመሪያ እንሳሳት።»

ልጆቹ እየተሳሳቁ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውን መልስ መርጠው ታብሌታቸው ላይ ነኩ። ስክሪኑ ቀላ። «ለምን ስህተት ሆነ?» ስትል ሠላሳ እጅ ወጣ። ተከራከሩ፣ ተጯጯሁ፤ በሁለተኛው ሙከራ አንድም የሳተ አልነበረም።

ባለሙያው ላፕቶፑን ከፍቶ አየ። የሱ ፕሮግራም የሚቆጥረው የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ነው።

ዓርብ፣ አስተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ባለሙያው ፕሮግራሙን ከሚሸጠው ድርጅት ከመጣው አለቃው አጠገብ ብድግ አለ።

«እሷ አላጠፋችም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ቆጠርኩ፤ ልጆቹ የሚማሩት ግን ከዚያ በኋላ ነው።»

«ተቀመጥ» አለው አለቃው በሹክሹክታ። አልተቀመጠም። መምህርቷ ያን ጊዜ ወደደችው፤ መውደዷም አናደዳት።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ክፍሉ ይቆይልሽ። ብቻ ከዛሬ ጀምሮ ልጆቹ ትክክለኛውን አስቀድመው ይንኩ።»

«አይነኩም።» እሷም ብድግ አለች። «ቆጠራው ይስተካከል። ልጆቼ ለቆጠራ ብለው አይማሩም፤ ክፍሌንም አልሰጥም።»

«ቆጠራውን እኔ አስተካክላለሁ» አለ ባለሙያው።

ርዕሰ መምህሩ ሁለቱን እያፈራረቁ አዩና እጃቸውን አወናጨፉ። ክፍሉ የሷ ሆኖ ቀረ።

ደጅ ተከትላው ወጣች። «አለቃህ ይቀየምሃል።»

«ይቀየም። አንቺ አትቀየሚኝ እንጂ... እወድሻለሁ።»

«አንቺ» ሲላት የመጀመሪያው ነበር። ክንዱን ያዘች፤ አልለቀቀችውም።

በሁለተኛው ወር ለቤተሰቧ ተናገረች።

«ያ ክፍልሽን ሊያስነጥቅሽ የነበረው ሰውዬ?» አሉ እናቷ። «እኔ ቁሜ? አይሆንም።»

«እሱው ነው እማዬ። አለቃው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ተሳስቻለሁ› ያለ ሌላ ወንድ አሳዪኝና እተወዋለሁ።»

እናቷ ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ። ትኩር ብለው አዩዋቸው። አባቷ ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«እሁድ ይምጣ» አሉ እናቷ።