መርዶ ያደረበት ቤት

ፈትለወርቅ እናቷን ካየች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። በቀይ ሽብር ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጥታ፣ ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር። የሰው እናት ስታጥብ፣ የሰው እናት ስታጎርስ ትውልና ማታ ባቡር ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅሳለች። የእሷንስ እናት ማን ያጎርስላት? ደርግ እያለ አገር መግባት የማይታሰብ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ግን እግዜር በር የከፈተላት መሰለ። እናቷ ወይዘሮ የወይንሐረግ ለሕክምና እንግሊዝ አገር እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ያረፉትም በአንዲት የባሕር ዳር መንደር፣ ከፈትለወርቅ ጋር አብራ ባደገችው በብዙነሽና በባሏ በቢረሳው ቤት ነበር። ፈትለወርቅ በስደተኛ ሰነዷ ቪዛ ፍለጋ ጄኔቭ ተመላለሰች። አንድ ማክሰኞ ቪዛው ተመታላትና በደስታ እየሳቀች ከባቡር ጣቢያው ደወለች። ሥራውን ጥዬ ነገውኑ ልምጣ ወይስ ፈቃዴ እስኪደርስ እስከ ቅዳሜ ልቆይ ብላ ጠየቀች።

«ደህና ናቸው፤ ተረጋግተሽ ነይ» አለቻት ብዙነሽ።

አመነቻት። ምነው ባላመነቻት...

ቅዳሜ ከሰዓት ደረሰች። በጋው ገና አልገባምና መንደሩ ጭር ብሏል፤ የአይስክሬም ሱቆቹ ዝግ ናቸው፤ የባሕር ዳር ወንበሮቹም በሸራ እንደተሸፈኑ ነው። እናቷ ቤት አልነበሩም። ሐኪም ቤት ለምርመራ እንዳስተኟቸው፣ ነገ አብረው ሄደው እንደሚጠይቋቸው ነገሯት። ቅር አላት፤ ግን ዘጠኝ ዓመት የጠበቀች ሰው አንዲት ሌሊት ምን አላት? ሻንጣዋን ፈታ ከዙሪክ የገዛችውን ለስላሳ የቤት ጫማ አወጣች።

«እግሯ እንዳበጠ ነው? ይገባት ይሆን?»

«ጎድሎላቸዋል» አለች ብዙነሽ፣ ወደ ምድጃው ዞራ።

«አንቺስ ምነው እንዲህ መነመንሽ? ባሕሩ ነው የሚበላሽ ወይስ ጋሼ ቢረሳው?»

ቢረሳው ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ፈትለወርቅ ግን በላች፣ ተጫወተች፣ ለነገ የምትለብሰውን ቀሚስ ተኩሳ ተኛች። ወይዘሮ የወይንሐረግ ሐሙስ ዕለት ማረፋቸውን በዚያ ቤት የማታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ባለ ሐዘኑ በልቶ፣ አርፎ፣ ሊነጋጋ ሲል ወዳጅ ተሰብስቦ ነው የሚያረዳው። ብዙነሽ በሰው አገርም ይህን ወግ ማፍረስ አልሆነላትም። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ፈትለወርቅ ለእናቷ ለብሳ፣ ተሰናድታ ነበርና ሮጣ ከፈተች። ከለንደን የመጡ ያገሯ ሰዎች በሩን ሞልተው ቆመዋል። ሊቀበሏት የመጡ መስሏት፣ በዚህ ብርድ ምን አደከማችሁ እያለች አንድ በአንድ ሳመቻቸው። ያን ጊዜ ነጠላቸውን አየች፤ ሁሉም አዘቅዝቀው ለብሰዋል...

ያ ለቅሶ እንዴት ይነገራል? ጎረቤቶቹ እንግሊዞች መጋረጃቸውን ገልጠው በድንጋጤ ተመለከቱ። ድምፅዋ ሲዘጋ ወደ ብዙነሽ ዞረች።

«ማክሰኞ ስደውል በሕይወት ነበረች?»

«ነበሩ።»

«እንደማትተርፍ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ በምን አንጀትሽ ተረጋግተሽ ነይ አልሽኝ? ረቡዕ እደርስላት ነበር እኮ።»

ብዙነሽ መሬት መሬቱን እያየች ወቀሳውንም እርግማኑንም ተቀበለች። ዝምታዋን መሸከም ያልቻለው ቢረሳው ነው።

«እሳቸው ናቸው ያስማሏት» አለ። «ልጄ ብቻዋን እያለቀሰች ባሕር አታቋርጥም፤ እስከ ቅዳሜ እቆይላታለሁ አሉ። ድምፄ ያሳብቅብኛል ብለው ባያናግሩሽም፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጋላቸው ስለነበር ስትስቂ ሰምተውሻል። ሳቋ አልተለወጠም ብለው ቀኑን ሙሉ ሲያወሩት ዋሉ።»

ፈትለወርቅ በማን ትፍረድ? ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ብዙነሽም አጠገቧ ወርዳ አቀፈቻት። ፈትለወርቅም አልገፋቻትም። እጇን ይዛ፣ ያቺን የሐሙስን ቀን ከጠዋት ጀምራ እንድትነግራት ለመነቻት፤ ምን እንደቀመሱ፣ ማንን እንደጠሩ...

በማግስቱ በመንደሩ መቃብር፣ ከማያውቋቸው ስሞች መካከል ቀበሯቸው። እናትና ልጅን ዘጠኝ ዓመት የለያያቸው መንግሥት ነበር። የመጨረሻዎቹን ቀናት ግን የነጠቃቸው ፍቅር ነው። መንግሥትስ ይረገማል። ይህን ፍቅር ግን ሰው ምን ብሎ ይረግመዋል?