የለቅሶ ቤቱ ዘጠኝ ደረጃዎች

ሱቅም ይሁን ምግብ ቤት፣ ክሊኒክም ይሁን አዳራሽ፣ ለሕዝብ የተከፈተ በር ያላችሁ ሁሉ ይህን ታሪክ ስሙኝ። የደረሰው በባሕር ማዶ ባለችው በኢሎኢሎ ከተማ፣ በኦስሙንዶ ጋሪዶ ቤት ነው፤ ነገር ግን ነገ በእናንተም ደጃፍ ሊደርስ ይችላል።

ኦስሙንዶ ከአባቱ የወረሰው የቀብር አገልግሎት ቤት ነበረው። ሬሳ ይገንዛል፣ ሣጥን ያቀርባል፣ ቤተ ዘመድ ለቀናት ተሰብስቦ የሚያለቅስበትን አዳራሽ ያከራያል። አባቱ ጎርፍ ፈርተው አዳራሹን ከመንገዱ ከፍ አድርገው ስለሠሩት የሚገባው በዘጠኝ ነጭ የእብነ በረድ ደረጃዎች ነው። ኦስሙንዶ በነዚያ ደረጃዎች ይኮራ ነበር፤ በየማለዳው ቆሞ ያስወለውላቸዋል።

በመጋቢት ወር አንዲት የሕንፃ ተቆጣጣሪ ከማዘጋጃ ቤት መጣች። ቁመቱን ለካች፣ ወርዱን ለካች፣ ከዚያ ግራና ቀኝ አየች።

«ማኖንግ፣ ራምፑ የታለ?» አለችው። ማኖንግ ማለት በአገሩ ታላቅ ወንድም የሚጠራበት የአክብሮት ስም ነው።

«የምን ራምፕ?»

«ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ ነዋ! ሕዝብ የሚስተናገድበት ቤት ሁሉ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት። እንደ ግድግዳ የቆመ ነገር ሠርተው እንዳይጠብቁኝ።»

ኦስሙንዶ ሳቀ። «ስሚኝ እስቲ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እዚህ በዊልቸር የመጣ ሰው አምስት አይሞላም። ቢመጣስ? ሠራተኞቼን አየሻቸው? ሬሳ ሣጥን የሚሸከም ጎረምሳ አንዲት አሮጊት ማንሣት ያቅተዋል?»

«የማይመጡት የሌሉ መስሎዎት ነው? የማይመጡት ስለማይገቡ ነው እኮ» አለችና የሦስት ወር ጊዜ ሰጥታው ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦስሙንዶ ልቡ አላርፍ አለው። ይወጣና ደጁን ያያል፣ ይገባና ይቀመጣል፣ ተመልሶ ይወጣል። ራምፑ ከተሠራ የአበባው መደብ ይፈርሳል፤ የራሱ መኪና የሚቆምበትም ቦታ ይሄዳል። «ከፋሲካ በኋላ» አለ። ፋሲካ አለፈ። «ከዝናቡ በፊት» አለ። ዝናቡም መጣ።

ሰኔ ላይ ሩፊኖ የሚባል የታወቀ መካኒክ ሞተና የሚስቱ የወንድም ልጅ አዳራሹን በስልክ ተከራየ። ሚስቱ መምህርት ዴሜትሪያ ናት፤ የሰፈሩን እኩሌታ ፊደል ያስቆጠረች። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የመኪና አደጋ ወገቧን መትቷት በዊልቸር ነበር የምትሄደው። ልጁ ስለ ደረጃው አልጠየቀም፤ ኦስሙንዶም አልነገረውም።

በማግስቱ ጠዋት መምህርት ዴሜትሪያ ጥቁር ለብሳ ከመኪና ወረደችና ከዘጠኙ ደረጃዎች ሥር ዊልቸሯን አቆመች። ለቀስተኛው ከላይ ያያታል። የሠራተኞቹ አለቃ በርቲንግ እጅጌውን ሰብስቦ ሊያነሣት ጎንበስ አለ።

«እጅህን ሰብስብ!» አለችው።

«አይዞዎት መምህርት፣ ላባ ነዎት እኮ፤ አንዴ ብድግ ነው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሣኝ አንድ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ላይ ተኝቷል። በባሌ ለቅሶ ቀን ቀሚሴ ተገልቦ እንደ ጆንያ ሩዝ አልጫንም።»

ኦስሙንዶ እየተጣደፈ ወረደ። «ይቅርታ መምህርት፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው...»

«ቶቶ» አለችው፤ በዕድሜ ታናሽ ወንድ የሚጠራው እንዲህ ነው። «ሩፊኖን በየት አስገባችሁት? በዚህ ደረጃ?»

ኦስሙንዶ ወደ ጓሮው ሰረቅ አድርጎ አየ። በርቲንግ ግን ነገር የማያውቅ የዋህ ሰው ነውና «ኧረ በጓሮ ነው! ለሣጥኑ ራምፕ አለን» አለ።

መምህርቷ ደረቅ ሳቅ ሳቀች። «ለሞተ ሰው አለ፣ በሕይወት ላለ ሰው የለም በለኛ! ታዲያ እኔ ለመግባት መቼ ልሙትልህ ቶቶ?»

በጓሮ ወሰዷት። የጓሮው መንገድ የሚያልፈው በመገነዣው ክፍል ውስጥ ነው። የሬሳ ማቆያው መድኃኒት ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አንድ ሌላ ሬሳ አንሶላ ተሸፍኖ ተኝቷል። ኦስሙንዶ ፊት ፊት እየሄደ በሩን ሲከፍት፣ ጎማው ከኋላው ቀጥ አለበት። ዞር ሲል መምህርቷ በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ላይ አጎንብሳለች። በሳፋው ውስጥ ሩፊኖ የሞተ ዕለት የለበሰው ሰማያዊ የሥራ ሸሚዝ ነበር፤ ከገላው ቀድደው ያወጡት፣ እርጥብ እንደሆነ። አንሥታ ጭኗ ላይ አጠፈችው።

«ይህን ማየት አልነበረብኝም» አለች። ከዚያ ጎማዋን ወደ አዳራሹ ገፋች።

ለቅሶው ሦስት ቀን ቆየ፤ ሦስቱንም ቀን በዚያ ክፍል ገብታ በዚያው ወጣች። ኦስሙንዶ ሳፋዎቹን ደበቀ፣ መጋረጃ ሰቀለ፣ ሽታው እንዲጠፋ መስኮት ከፈተ። አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጥ ጀርባው ይቆጠቁጠዋል፤ ሲወጣ ደግሞ እግሩ መልሶ ያመጣዋል።

የቀብሩ ዕለት የባሰው ሆነ። እንደ ልማዱ ሣጥኑ በፊት በር ወጥቶ በደረጃው ሲወርድ ቤተ ዘመድ ከኋላው ተከተለ። መምህርት ዴሜትሪያ ግን ጎማዋን በገዛ እጇ እየገፋች በጓሮ ትዞር ነበር። መሬቱ ጭቃ ነው። የግቢውን ዙሪያ ጨርሳ ደጃፍ ስትደርስ የሬሳው መኪና በር ተዘግቶ ሞተሩ ተነሥቷል። ከሣጥኑ ኋላ የመሄድ ተራው የሚስት ነበር፤ ተራዋ አመለጣት። እጇን ዘርግታ የመኪናውን መስታወት ነካች። ኦስሙንዶ ከላይኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ይህን አየ፤ በሚያብረቀርቀው እብነ በረድ ላይ መቆም አስጠላው።

በአገሩ ልማድ ለሟች እስከሚደረገው የዘጠነኛ ቀን ጸሎት ድረስ ዕረፍት አላገኘም። በዘጠነኛው ቀን ቤቷ ሄዶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ።

«መምህርት፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ራምፑን ልሠራልዎት ነው።»

«ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ለእኔ ብለህ ግን እንዳትሠራው» አለችው። «እኔ ከእንግዲህ የማስቀብረው ሰው የለኝም። ገና ለሚመጣው ሥራ። ደግ ሰው እንዲሉህም ብለህ አትሥራው፤ ግዴታህ ነው። ደግሞ አናጢ ብቻ አታማክር። የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ከገበያው ጀርባ ነው፤ እነሱ ያሳዩሃል።»

ከማኅበሩ አንዱ በክራንች፣ አንዱ በዊልቸር ሁለት ሰዎች መጡ። ጠመኔ ይዘው መሬቱን አሰመሩ፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር ዊልቸር እንደማያስገባ፣ የበሩ እጀታም ተቀምጦ ለሚገፋ ሰው ከፍ ማለቱን አሳዩት። ኦስሙንዶ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲከፍተውና ሲዘጋው የኖረውን በር ገና ያን ዕለት ያየው መሰለው።

ለሥራው የቀጠረው ግንበኛ ግን ወደ ጎን ሳብ አደረገው። «ማኖንግ፣ አሥራ ስድስት ሜትር ምን ያደርግልሃል? አምስት ሜትር ልሥራልህ፤ አበባህም ይተርፋል። ተቆጣጣሪዋ አይታ ትፈርማለች፣ በቃ!»

«ለተቆጣጣሪዋ ዓይን አይደለም የምሠራው» አለ ኦስሙንዶ። «አበባውን ንቀለው።»

ነሐሴ ላይ ሥራው አለቀ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ወጣት ሴት በዊልቸር መጣች፤ የአበባ ጉንጉን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ኦስሙንዶ ከሩቅ አይቷት ኮቱን ቆለፈና በሩ ላይ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ምስጋና ይጠብቅ ነበር። ልጅቱ በራምፑ መታጠፊያ ላይ ሳታመነታ ዞራ እየገፋች ወጣችና አጠገቡ ደረሰች።

«የአክስቴ ለቅሶ የትኛው ክፍል ነው?»

«በስተቀኝ ያለው ነው፣ ልጄ።»

«እሺ» ብላ አለፈችው።

ራምፑን ልብ እንኳ አላለችውም። ኦስሙንዶ ቅር አለውና ወደ ውስጥ ተከትሎ ተመለከተ። ልጅቱ ሣጥኑ አጠገብ ደርሳ፣ ጉንጉኑን አኑራ፣ ከእህቶቿ ጋር ተቃቅፋ ታለቅስ ነበር። ወዲያው ቅሬታው በኀፍረት ተተካ። ይህች ሴት የመጣችው አክስቷን ልትሰናበት ነው፤ እሱን ልታመሰግን አይደለም። በደረጃው የሚወጣውን ሰው ሁሉ መቼ ምስጋና ጠይቆት ያውቃል?

ወገኖቼ፣ በራችሁን ለሕዝብ ስትከፍቱ ሕዝብ ማለት ሁሉም ነው። ከደጃችሁ ሥር ቆሞ እስኪለምናችሁ፣ ወይም ተቆጣጣሪ መጥቶ እስኪለካችሁ አትጠብቁ። ሰው ስለ መግቢያው ሳይጨነቅ ወደ ጉዳዩ ሲያልፍ ያን ጊዜ ግዴታችሁን ተወጥታችኋል።