የወይዘሮ አሰጋሽ ክብሪት

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ሳልነግርሽ ብውል ሆዴ ይፈነዳል።

ገላን ኮንዶሚኒየም እምነት የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለች። ከላይኛው ከንፈሯ ላይ ትንሽዬ ጠባሳ አላት። ለጠየቃት ሁሉ «ዘይት ፈንጥቆብኝ ነው» ትላለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምራ አንድ ዴስክ ለምትጋራት ለላጢፋ እንኳን ያንኑ ነው ያለቻት።

ውሸቷን ነው። እምነት የሚጥል በሽታ አለባት። ቤት ውስጥ በወደቀች ቁጥር እናቷ ወይዘሮ አሰጋሽ ክብሪት ጭረው ያሸቷታል፤ ሽታው ያነቃታል ብለው። አንድ ቀን እሳቱን በጣም አስጠጉና አቃጠሏት። ጠባሳው እሱ ነው። ክብሪቱ ግን እስካሁን ከቦርሳቸው አይጠፋም።

የሰፈሩ በጎ ፈቃድ ክበብ በየወሩ አንድ እሁድ ጎረቤቱን ሰብስቦ ያጫውታል። የጆንያ ሩጫ አለ፣ ገመድ ጉተታ አለ፣ ዳቦና ሻይማ መቼም አይቀርም። ባለፈው እሁድ ጨዋታው ሳይጀመር ሰብሳቢው አቶ ጉተማ ተነሱ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው።

«ሐኪሞች የሚጥል በሽታን እያጠኑ ነው። ሕመሙ ያለባቸውን ይፈልጋሉ፤ ክበባችን መዝግቦ፣ መኪና ይዞ ሐኪሞቹ ጋ ያደርሳቸዋል። እስከዚያው ሰው ሲወድቅ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ክብሪትም አታሽቱ!»

እምነት እናቷን በክርኗ ነካ አደረገች። «እማ፣ እንመዝገብ?»

«ዝም በይ! ሰፈሩ ሁሉ ይወቅልሽ? ነገ ማን ያገባሻል?»

«አሁን ማን ማግባት አማረው? መዳን ነው የምፈልገው።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ፊታቸውን አዞሩ።

ገመዱ ተዘረጋ። ላጢፋ ከፊት፣ እምነት ከኋላዋ። «ሳቢ እንጂ! ቁርስ አልበላሽም እንዴ?» ትላለች ላጢፋ እየሳቀች። ማሸነፍ ሲጀምሩ የእምነት እጅ ገመዱን ለቀቀ። ወደቀችና ትንቀጠቀጥ ጀመር።

«ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» ግማሹ ሰው ጮኸ፣ ግማሹ ሸሸ። ወይዘሮ አሰጋሽ ክብሪታቸውን ጭረው ሮጡ።

ላጢፋ ግን ጃኬቷን ከእምነት ራስ ሥር አድርጋ በጎኗ አስተኝታታለች። እሳቱ ሲጠጋ አየች፤ ጠባሳውን አየች። ገባት።

«እትዬ አሰጋሽ፣» አለች እንባዋ እየመጣ፣ «ዘይት አልነበረም አይደል?»

ወይዘሮ አሰጋሽ ደርቀው ቀሩ። እሳቱ ጣታቸው ላይ ደረሰ። «ውይ!» ብለው ጣሉት። የልጃቸው ከንፈር የቀመሰውን ያን ቀን ጣታቸው ቀመሰው። ተንበርክከው እጇን ያዙና ጠበቁ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መንቀጥቀጡ ተዋት፤ ማንም ምንም ሳያሸታት!

ከዚያ ቀና ብለው አቶ ጉተማን «ይመዝግቡን» አሏቸው። «የኔንም ጥፋት ይጻፉት። ሌላ እናት እንዳትደግመው።»

አየሽ፣ ሁሉም ሰው በሽተኛውን ጓዳ ከደበቀ ሐኪሞቹ ምኑን ያጥኑት? ሐሜት ፈርተን የደበቅነው ሰው እኮ ለብቻው ነው የሚታመመው።

እምነት ስትነቃ ላጢፋን አየቻትና ፊቷን ሸፈነች። «አወቅሽ አይደል? ሰኞ ሌላ ዴስክ ብትሄጂ አልቀየምሽም።»

ላጢፋ የመለሰችላትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፦

«ሂጂ ወዲያ! ቦታዬን ለማን ልለቅልሽ? ይልቅ ልናሸንፍ ስንል ነው የለቀቅሽው፤ በሚቀጥለው ከፊት ትሆኛለሽ፣ እኔ ከኋላሽ ነኝ።»