ማታ የት ነው የምታድሩ?

«እንግዳ ነን በይው» አለ ጋረደው። «መንገደኞች ነን፣ ዝናብ ሲጥል አገራችን እንገባለን በይው።»

ሴት ልጁ ሉሉ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሻዊሽ፣ የሱዳኖቹ ሃምሳ አለቃ መሆኑ ነው፣ የአባቷን መንጃ ፈቃድ ያገላብጣል። ፎቶው ላይ አባቷ ጎፈሬ አለው፤ ጉንጩም ሙሉ ነው። ሻዊሹ ፎቶውን አየና ቀና ብሎ ጋረደውን አየ። ደግሞ ፎቶውን አየ።

«ይሄ አባትሽ ነው?» አላት በዐረብኛ።

«እሱ ነው። ከስቶ ነው እንጂ።»

«ምን አለሽ?» አለ ጋረደው።

«አንተ መሆንህን ነው የጠየቀኝ።»

«እና ማን ልሆን ኖሯል?»

ከኋላቸው አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ቱርካ ሳቀ። ቱርካም የጎንደር ሾፌር ነው፤ ከነሱ ቀድሞ ተሰዶ የሱዳን መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። «አይዞህ ጋረደው» አለ። «የኔን በዐረብኛ ነው የጻፉልኝ። ቱርካ ይበል ሰይጣን ይበል አላውቅም። ፖሊስ ሲያስቆመኝ ዝም ብዬ እሰጠዋለሁ፤ እስካሁን ቱርካ ነህ ብሎ ለቆኛል።»

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ጋረደው አልሳቀም።

ጠዋት ነገሩን ያበላሸው ይኸው ቱርካ ነው። «ነዋሪ ነኝ ካልክ ያገርህን ፈቃድ ተቀብለው ነው ሩኽሳ የሚሰጡህ። እንግዳ ነኝ ካልክ አይነኩብህም» አለው። ሩኽሳ የሚሉት የራሳቸውን መንጃ ፈቃድ ነው። ጋረደው ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልሰማ አለ።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ከወገራ፣ ከበለሳ፣ ከየት ከየት የመጣ ሰው በመተማ አድርጎ እየተሻገረ ገዳሪፍ ዙሪያ ያሉትን መጠለያዎች ሞልቷቸዋል። ሉሉ ያደገችው መተማ ስለሆነ ዐረብኛውን ከገበያ ነው የለመደችው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ለቤቱ ሰው ሁሉ አፉ እሷ ናት።

ከቢሮው ደጅ ኒም ዛፍ ሥር የሐጅ ኢድሪስ ሎሪ ቆማለች። ከገዳሪፍ ዶካ ዱራ የሚሉትን ማሽላ የምታመላልስ ናት። የፊተኛው ሾፌር ያለ ፈቃድ ሲነዳ ተይዞ ከታሰረ ወዲህ ሐጁ «ሩኽሳ የሌለው መሪዬን አይነካም» ብሏል። ለጋረደው ግን ቃል ሰጥቶታል። ሩኽሳውን ካመጣ ዛሬውኑ ጭኖ ይወጣል፤ ዶካ መጋዘኑ ጓሮ ቤተሰቡን የሚያስገባበት ክፍል አለ፤ የሚበላ ዱራም አለ። ካላመጣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሾፌር ይመጣል።

እናቷ የሺመቤት መጠለያው ውስጥ ሕፃኗን ማሬን ታቅፋ ቀርታለች። ጡቷ ነጥፏል። ዛሬ ጠዋት ማሬ አላለቀሰችም። እናቷ «ተመስገን፣ ተኛችልኝ» አለች። ሉሉ ግን ጆሮዋን ወደ ሕፃኗ አፍ አስጠጋች። ታምሬም፣ ታናሽ ወንድሟ፣ መጀመሪያ ያቆመው ልቅሶውን ነበር።

«ተናገሪ እንጂ!» አለ አባቷ። «ገላባት ድረስ ሰሊጥ ጭኜ በዚሁ ፈቃድ ስንት ዘመን ተመላልሻለሁ! ያኔ ማን ከለከለኝ? በይው እስቲ!»

ይችን ሉሉ እንዳለች ተረጎመችለት። ሻዊሹ አልተቆጣም። ላቡን በመሐረብ ጠረገ።

«እውነቱን ነው» አለ። «ያኔ ጭነቱን አራግፎ ማታ ቤቱ ይገባል። የእንግዳ ፈቃድ ለእንግዳ ይሠራል። አሁን ግን ተቀጥሮ የሱዳን ሎሪ ሊነዳ ነው የመጣው። እንግዳ ከሆነ ፈቃዱን ይያዝና በሰላም አገሩ ይግባ፤ ሎሪዋን ግን አይነዳም። ነዋሪ ከሆነ ይሄን እዚህ ይተውና ይፈተን። አንዱን ምረጡ። ማታ የት ነው የምታድሩ?»

ሉሉ ሁሉንም ለአባቷ ነገረችው። ምንም አላስቀረች።

ጋረደው መሬት መሬት አየ። ድምፁ ቀነሰ። «ነዋሪ ነኝ ካልኩ፣ ታምሬን እዚህ ጣልኩት ማለት አይደለም?»

«አባ፣ ማሬ እኮ…»

«ምዬበታለሁ፣ ሉሉ!»

መማሉን ታውቃለች። ታምሬ የተቀበረ ለት እናቷ አፈር ላይ እየተንከባለለች «ልጄን ያለ ቤተ ክርስቲያን!» ስትል፣ አባቷ አጽሙን አፍልሶ የደብራቸው አፀድ ሊያስገባው ማለ። ስለዚህ መቃብሩ ላይ ድንጋይ እንዳይደረደር ከለከለ። «ለሚነሳ ሬሳ ድንጋይ ምን ያደርጋል?» አለ። ሲመለስ እንዳይጠፋበት ብቻ ከወደቀ መኪና የተሰበረ ባሌስትራ ፈልጎ ራስጌው ላይ ተከለ። ያ የመኪና ብረት ከሩቅ ይታያል። ሌሎቹ መቃብሮች ድንጋይ አላቸው። የታምሬ አፈሩ በነፋስ እየሄደ ነው።

«እንግዳ ነን በይው» አለ ጋረደው እንደገና። «ሐጁን እኔ እለምነዋለሁ።»

ሐጁ እንደማይለመን ቱርካም ያውቃል፤ አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ያዘ።

«ያላ፣ ምን አለ?» አለ ሻዊሹ።

ሉሉ የአባቷን እጆች አየች። የሚይዙት መሪ የሌላቸው እጆች ናቸው። ከዚያ ሻዊሹን ቀና ብላ አየችው።

«ነሕና ሳክኒን ሂና» አለች። እዚህ ነን የምንኖር። «ወንድሜም እዚህ ነው ያለው።»

«ይሠራል?»

«የለም። ተቀብሯል።»

ሻዊሹ መሳቢያውን ሳበ። ውስጡ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ነው፤ በላስቲክ እየታሰረ እስከ አፉ ሞልቷል። የጋረደውን ከላይ አስቀመጠው።

ጋረደው ይሄን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። «ምን አልሽው?»

«እዚህ ነን የምንኖር አልኩት።»

እጁ ተነሳ። ሉሉ ጥፊውን ጠብቃ ዓይኗን ጨፈነች። አልመጣም። ስትገልጥ አባቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጦ ቆሟል። አግዳሚው ላይ ማንም አይስቅም።

«ጠይቂልኝ» አለ ቆይቶ። «አገሬ ስገባ ይመልሱልኛል?»

ጠየቀችለት።

«ሲሄድ የኛን ያስረክባል፣ የራሱን ይወስዳል» አለ ሻዊሹ። «ደንቡ እንደዚያ ነው።» መሳቢያውን እየገፋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ልጄ፣ እኔ እዚህ ከተቀመጥኩ ወዲህ ሊወስድ የመጣ አንድ ሰው አላየሁም።»

«ምን አለ?»

«ይመለስልሃል አለ። ደንቡ ነው አለ።»

«ብዙ ነው እኮ የተናገረው።»

ሉሉ የአባቷን ፊት አየች። ፎቶው ላይ የነበረው ጉንጭ የለም።

«ለፈተናው ቶሎ ውጣ አለ፣ አባ። ፈታኙ እየጠበቀህ ነው።»

ጋረደው ወጣ። ሎሪዋ ላይ ሲሰቀል ፈታኙ በወዲያኛው በር ገባ። ሞተሩ ሁለቴ አንቋርሮ ተነሳ፤ ማርሹ ሳይንኳኳ ገባ፤ ሎሪዋ ከጥላው ወጥታ ወደ ትልቁ መንገድ ዞረች።

«እጁ መንዳቱን አልረሳም» አለ ቱርካ ከኋላዋ። «አንቺዬ፣ ቆይ ግን፣ ሻዊሹ መጨረሻ ላይ ያለው…»

«ተወው፣ ጋሼ ቱርካ። ለኔ ነው የነገረኝ።»

የዶካ መንገድ በመጠለያው በኩል ነው የሚያልፍ፤ እናቷንና ማሬን ለመጫን እዚያ መቆማቸው አይቀርም፤ የታምሬ መቃብርም እዚያው ነው። ሉሉ ኒሙ ሥር ወርዳ መሬት መሬቱን አየች። ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጣ አነሳች። አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ከዛፉ ግንድ አስጠጋችው። ከዚያ ሌላ ፍለጋ ጎንበስ አለች።