ሐረጎን በታሰረ ማራገቢያ

ጀማሉዲን ከኮምቦልቻ ሲነሳ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ጉም ለብሶ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ካሊድ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ እያጣጣረ ነው። አፉ ሳንባባል እንዳልሞት፣ ይቅር ይበለኝ፣ ብሎ ልኮበታል። በአባታቸው መሬት ተኳርፈው ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። ቤንዚን ጠፍቶ ሚኒባሱ ሁሉ ሰልፍ ላይ ተገትሯል፤ ያለችው ናፍጣ ያልጎደለባት ያች አሮጌ ጭነት መኪናው ናት። ሚስቱ መዲና ጎኑ ተቀመጠች።

የመኪናዋን ጉድ ልንገራችሁ። ሞተሩ ሲግል ማራገቢያውን የሚያስይዝ፣ ሲቀዘቅዝ የሚለቅ ፍሪሲዮን አለ፤ እሱ አፋር በረሃ ላይ ተበላሸ። ይሄ ግትር ሰው ጋራዥ መግባቱን ትቶ ማራገቢያውን በሦስት ብሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረው። እርግጥ በረሃውን ተሻገረበት። ግን ማራገቢያው ያለ እረፍት እየዞረ የሞተሩን ጉልበት ይበላል፤ ጩኸቱም ሁለት ቀን ሙሉ ጆሮውን ሲደበድበው ከርሟል። መዲና ትከሻውን ካልነካችው አይሰማትም።

ዳገቱ ላይ ዝናቡ ወረደ። አፈር ተንዶ የአስፋልቱን ግማሽ ዘግቶታል። ተንሸራተተ፣ መሪውን ጠመዘዘ፣ እንደ ምንም አለፈ። ቀጥሎ ኩርባው ላይ ዝንጀሮዎች መንገዱን ሞሉት። ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ቆመች፤ ቆማም ቀረች። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ቢረግጥ ማራገቢያው አገሳ እንጂ ጎማዋ አልተነቃነቀም። ከኋላው የመጣ ሲኖትራክ ጥሩምባ ሲነፋም አልሰማ። የሲኖትራኩ ሾፌር ተናዶ አጥብቦ ሲያልፍ የጎን መስታወቷን ገንጥሎት ሄደ። ጀማሉዲን ለመሸሽ መሪውን ሲያጥፍ፣ በግጭቱ የተገፋችው መኪና የፊት ጎማዋ ገደሉ አፍ ላይ ደረሰ።

መዲና ወርዳ ከጎማው ስር ድንጋይ ወሸቀች። ከዚያ ክንዱን ይዛ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ብሎኑን ፍታው።»

«ሞተሩ ይቃጠላል። እንጀራችን ናት።»

«ይቃጠል። ወንድምህ አንድ ነው።»

ሞተሩን አጥፍቶ፣ በሚፋጀው ብረት ጣቱን እየላጠ ፈታው። ሲያስነሳት ማራገቢያው ዝም አለ፤ ጉልበቷ ተመልሶ ወደ ኋላ ወጣች፣ ዳገቱንም ተያያዘችው። የሙቀት መለኪያው መርፌም አብሮ ወጣ። ደሴ መግቢያ ላይ ራዲያተሩ ፈላ፣ ሞተሩ ተንቋቋና ጸጥ አለ። ጀማሉዲን ዞር ብሎም አላያት። በዝናብ እየሮጡ ሆጤ ደረሱ።

ካሊድ ነፍሱ አልወጣችም። ዓይኑን ገልጦ ወንድሙን አወቀው፤ ከንፈሩ ተነቃነቀ። ጀማሉዲን አጎንብሶ ጆሮውን አስጠጋ። የሚሰማው ግን ያ የተረገመ ማራገቢያ ብቻ ነው፤ ጆሮው ውስጥ አሁንም ይዞራል። ወይ ነዶ! ቢጠብቅም ምንም አልሰማ። ወደ ካሊድ ልጅ ወደ ሙንዚር ዞረ።

«ምን አለኝ?»

ሙንዚር እያለቀሰ ጮክ ብሎ ነገረው።

«አፉ በለኝ ነው ያለዎት፣ አጎቴ። ሦስት ጊዜ ለመነዎት። እርስዎ ዝም አሉት።»

ጀማሉዲን ወደ ወንድሙ ተመለሰ። የካሊድ ዓይን እንደተገለጠ ቀርቷል።

«አፉ ብያለሁ፣» አለ። ድምፁን መመጠን አቅቶት ቤቱን በጩኸት ሞላው። «አፉ ብዬሃለሁ፣ ካሊድ።»

ሙንዚር የአባቱን ዓይን ሲከድን እንኳ ጀማሉዲን መጮሁን አላቆመም።