ያልገጠመው ሞጁል

ሽማግሌው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ቀኝ እጃቸው ኤሌክትሪክን በመስታወቱ ላይ በመስመር የሚያሳየው አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ላይ የሚሰካውን የትራንዚስተር መፈተሻ ሞጁል ጨብጧል። ሐኪሙ «ኤሌክትሪክ ነው» ብሎ ሄደ። መርማሪዋ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እግሯ አብጧል፤ ጡረታዋ ተቃርቧል፤ ለቅሶ ቤት መግባት ታክቷታል።

«መጀመሪያ ያያቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አማቻቸው፣ የልጃቸው ባል፤ ለጤና ጣቢያዎች መለዋወጫ አቅራቢ ነው። «አባባ ከምሳ በኋላ እዚሁ ሸለብ ያደርጋቸዋል። ስገባ መስታወቱ ላይ መስመሮቹ ቦግ ብለዋል፤ እሳቸው ደርቀዋል። ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩና በሩን ዘጋሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም፤ ማንም አልገባም።»

የሟች ሚስት ከጥግ ሆነው «ዕድሜውን ሙሉ ሲነካካው ነዝሮት አያውቅም» አሉ።

ድምፁ ስለማይሰማ «ሹክሹክታ» የሚሉት የሟች የሙያ ባልንጀራ በሩን ተደግፏል።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ» አለችው መርማሪዋ።

«አዎ። የጤና ጣቢያው የጨቅላ ማሞቂያዎች ለምን እንደሚቃጠሉ ደርሼበታለሁ አለኝ። ለቤትህ ሰላም ስትል ዝም በል አልኩት። ሰደበኝ፤ ይበለኝ!»

መርማሪዋ አጎንብሳ የሟችን ግራ እጅጌ ገለጠች። ከዚያ ሞጁሉን በጎን አየችው፤ ከኦሲሎስኮፑ ሳጥን የጣት ውፍረት ያህል ወጥቷል። በረጅሙ ተነፈሰችና ሁሉንም ወደ ጠረጴዛው ጠራቻቸው።

«ሹክሹክታ፣ ይህ ሞጁል ኃይል ከየት ያገኛል?»

«ከሳጥኑ፣ በኋላው በኩል። እስኪቆልፍ ካልገባ ከድንጋይ አይሻልም፤ መስታወቱም መስመር አያወጣም።»

«አሁን ቆልፏል?»

«አልቆለፈም። ሊያጸዳው ስቦት ይሆናል።»

ወደ አማቹ ዞረች። «ታዲያ መስመሮቹን በምን አየሃቸው?»

«ምናልባት . . . ስነቅል ተንሸራቶ . . .»

«የነቀልከው ከግድግዳ ነው፤ ሌላ አልነካሁም ያልከው አንተ ነህ። ሞጁሉን የጨበጠው ቀኝ እጃቸው አልተቃጠለም። የተቃጠለው ግራ አንጓቸው ነው፣ እጅጌ ውስጥ። አንድ ሰው በተኙበት የተላጠ ሽቦ አስነክቷቸው፣ በኋላ ቀኝ እጃቸውን እዚህ አኖረ። ያ ሰው ሙያውን አያውቅም። ሹክሹክታ ቢሆን እስኪቆልፍ ይገፋው ነበር። እማማም መስመር አየሁ አላሉም።»

ሹክሹክታ በእሷ ትእዛዝ ሞጁሉን ገፋው፤ ቀጭ አለ። ሶኬቱን ግድግዳው ላይ መልሶ ሰካና፣ አማቹ ለማሞቂያዎቹ ካቀረባቸውና ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ትራንዚስተሮች አንዱን ሞጁሉ ላይ አስገባ። ደረጃ በደረጃ መውጣት የነበረባቸው መስመሮች አንድ ላይ ተጨፍልቀው ቀሩ።

«ፎርጅድ ነው» አለ ሹክሹክታ፤ ይህን ጊዜ ድምፁ ተሰማ።

አማቹ ፊቱን ሸፈነ። «ለምኛቸው ነበር . . . ጨቅላ በማሞቂያ ውስጥ እያለ ዝም አልልም አሉኝ።»

ውጭ የቆሙት ፖሊሶች ገብተው ይዘውት ወጡ። መርማሪዋ ሹክሹክታን ማሞቂያዎቹን እንዲያስቆም ወደ ጤና ጣቢያው ላከችው። ክፍሉ ጭር ሲል ሚስትየው ቀና አሉ።

«አባቷን በባሏ እጅ አጣች። ለልጄ ማን ይንገራት?»

መርማሪዋ ጠረጴዛውን ተደግፋ በግድ ተነሳች።

«እኔ እነግራታለሁ፣ እማማ። እርስዎ እጇን ይያዙልኝ።»