ለአንድ ቫን የሚበቃ ፀሐይ

መነጽር ሠሪው «የሚሰካ ዕቃህን ሁሉ ይዘህ ና» ስለተባለ፣ አንድ ትልቅ ካርቶን ታቅፎ መጣ።

ያዘዘችው ልጅ በአክስቷ የሶላር መሸጫ የምትሠራ፣ ኤሌክትሪክ ተምራ የተመረቀች፣ ከሰው ይልቅ ከሽቦ ጋር መግባባት የሚቀናት ዝምተኛ ናት። አክስቷ በበኩላቸው የእሷንም ድርሻ ጨምረው የሚያወሩ ሴት ናቸው።

ሰውየው አሮጌ ቫን ገዝቷል። መነጽር በማይገኝባቸው ትናንሽ ከተሞች እየዞረ ዓይን ሊለካ፣ መነጽር ሊሠራ አስቧል። ለቫኑ የፀሐይ ፓነል፣ ባትሪ፣ የባትሪውንም ኃይል ለዕቃዎቹ የሚለውጥ ኢንቨርተር ይመጠንለታል፤ ሲያልቅለት ይሄዳል።

«ይሄዳል» የሚለው ነበር ልጅቷን የከነከናት። ጣሪያውን ስትለካ ሜትሩን ከወዲያ ጫፍ የያዘላት እሱ ነው። «እርስዎ» ስትለው «ምነው በዚህ ዕድሜዬ አስረጀሽኝ!» ብሎ በግድ «አንተ» ያስባላትም እሱ።

ካርቶኑን ከፍታ መጠየቅ ጀመረች።

«ፍሪጁ?»

«ቀንም ሌትም ይሠራል።»

«ይሄኛው ማሽን?»

«ሌንስ ይሞርዳል። ሲነሳ ያጓራል፣ በኋላ ይረጋጋል። ልክ እንደ አክስትሽ።»

«ጆሮዬ ደህና ነው!» አሉ አክስቷ ከባንኮኒው ጀርባ።

ልጅቷ ሳቀች። ከካርቶኑ ሥር የወጣው ዕቃ ግን ሳቋን አስዋጣት። ሮዝ የፀጉር ማድረቂያ ነበር። የመነጽር ሠሪው ራስ ደግሞ ሙልጭ ብሎ የተላጨ ነው።

«ሁለት ሺህ ዋት» አለች፣ ከጀርባው አንብባ። «ጣሪያህ አይችለውም። ይሄን መተው አይቻልም?»

«ያለሱማ የትም አልሄድም!»

«በቀን ስንት ጊዜ ይበራል?»

«እንደ ቀኑ ነው። ስድስት ሰባት ጊዜም ይሆናል።»

የማን እንደሆነ ብትጠይቀው ምን ነበረበት? ፍሪጁ ውስጥ ምን እንደሚያስቀምጥ፣ ስንት ሰዓት መብራት አጥፍቶ እንደሚተኛ ሳይቀር ጠይቃዋለች። ይቺን አንዲት ጥያቄ ግን ዋጠቻት።

«ይሁን፣ እርስዎ ካሉ» አለች።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። «እርስዎ» በየት በኩል ተመልሶ እንደመጣ አልገባውም።

እግሩ ከመውጣቱ አክስቷ ጀመሩ። «ሰባት ጊዜ? ይቺ ሴት ዓሣ ናት እንዴ?»

«አክስቴ፣ ይተዉኝ።»

«ሂጂና ጠይቂዋ።»

«እኔን ምን አገባኝ?»

«ምን አገባኝ ስትዪ ነው ሳታገቢ የምትቀሪው!»

ልጅቷ ወደ ስሌቷ ተመለሰች። አንዴ ሰይጣን ሹክ ብሏት ነበር፦ አሳንሰሽ ሥሪ፣ ባትሪው መንገድ ላይ ይሙትና ፀጉሯን በነፋስ ታድርቅ። ወዲያው አፈረች። የጣሪያውን መስኮት በንድፉ ላይ ወደ ጥግ ገፍታ ለአንድ ተጨማሪ ፓነል ቦታ አበጀች። ሁለተኛ ባትሪ ጨመረች፤ ኢንቨርተሩንም በትልቅ ለወጠችው። የማታውቃት ሴት ፀጉር እርጥብ እንዳያድር ብላ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ስትፈጋ ዋለች።

የሙከራው ቀን ደመናማ ነበር። ቫኑ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ ሁሉም ነገር ባንድ ላይ ተከፈተ። መብራቱ በራ፣ ፍሪጁ ሠራ፣ መሞረጃው አጓርቶ ተረጋጋ።

«ማድረቂያውንም ያብሩት» አለች፣ ዓይኗን ከቆጣሪው ሳትነቅል።

ሰውየው ከመሳቢያ አንድ ቡናማ ፍሬም አወጣ። ማድረቂያውን ዝቅ አድርጎ አበራና የፍሬሙን ክንድ ያሞቀው ጀመር። ፕላስቲኩ ሲለሰልስለት በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ጎበጥ አደረገው።

«ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«ፍሬም እያሞቅኩ ነዋ! ሳይሞቅ ካጠፍሽው ይሰበራል። የሰው ጆሮ ደግሞ አንዱ ካንዱ አይገጥምም። እስቲ ነይ።»

ሌንስ የሌለውን ፍሬም አጠለቀላት። ጣቶቹ ከጆሮዋ ኋላ ለአፍታ ዘገዩ። ፕላስቲኩ ገና ትኩስ ነበር። ኢንቨርተሩ እዝዝ ይላል።

«ሁልጊዜ… ዝቅ አድርገህ ነው የምታበራው?»

«ለትንሽ ጊዜ። ከቆየ ይቀልጣል።»

ጉንጮቿ ጋሉ። «እንግዲያው ተሳስቻለሁ። አንዱ ባትሪና አንዱ ፓነል ትርፍ ነው፤ አወርደዋለሁ።»

«አንቺ ተሳሳትሽ? የእንቅልፍ ሰዓቴን ሳይቀር የጠየቅሽኝ?»

«አንድ ጥያቄ ዘልያለሁ።»

«የቱን?»

ቆጣሪውን አየች፣ ጫማዋን አየች። የምታየው ነገር አለቀባት። ዛሬ ካልተናገረች ነገ ቫኑ የለም።

«ፀጉሩ የማን ነው የሚለውን» አለች።

ሰውየው መላጣውን ዳሰሰ። ከዚያ ቫኑ እስኪነቃነቅ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ግን አንድ ነገር ገባውና ሳቁን ገታ።

«አታውርጂው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከትርፉ ጋር ለስንት ሰው ይበቃል?»

«ለሁለት።»

«ሁለተኛዋን ሰው ታዲያ ከየት ላምጣት?»

ልጅቷ በባዶው ፍሬም ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሳትሰብር ፊት ለፊት አየችው።

«መጀመሪያ» አለችው፣ «አንተ ራስህ ዓይንህን ተለካ።»